ምስክር ሳይሰማ የሚያልቅ ሙግት

ሙግት ሲባል በእኛ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው አንደበት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በግጥምና በምሳሌ ነገር ሲያዋጉ የኖሩት አባቶቻችን ትዝ ይሉናል። ነገር አዋቂ የሚባለው ምላሱ የተባ ነበር፤ ዳኛውም ተሰብሳቢውም በጆሮው ሰምቶ ነበር የሚፈርደው።

ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ማንም አፉን ሳይከፍት ስለሚያልቅ ሙግት ነው። አሜሪካኖች «ሰመሪ ጀጅመንት» ይሉታል። እኛ ለዛሬ «አጭር ፍርድ» እንበለውና እንቀጥል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳሽ ክሱን አቀረበ፤ ተከሳሽ መልሱን ሰጠ፤ ሰነድ ተለዋወጡ፤ ምስክሮችም ከችሎት ውጭ በጠበቆች ፊት እየማሉ ቃላቸውን ሰጡ። ይሄኔ አንደኛው ወገን፣ ብዙውን ጊዜ ተከሳሹ፣ ብድግ ይልና «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፣ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ምስክር የሚያሰማ ጭብጥ የለም፤ ሕጉም ከእኔ ጋር ነው፤ ስለዚህ ከወዲሁ ይፈረድልኝ» ብሎ በጽሑፍ ያመለክታል። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ሌላው ወገን በሚሰጠው የጽሑፍ መልስ ላይ ይንጠለጠላል። መልሱ ከላላ ምስክር የለ፣ ጁሪ የለ፣ ችሎት የለ። መዝገቡ ተዘጋ!

እንግዲህ የዚህን የመልስ ወረቀት ታሪክ ስናገላብጥ ያገኘነው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ፍርድ ቤት መድረስ ሌላ፣ ፍርድ ቤት መሰማት ሌላ መሆኑን።

ከዕዳ የተወለደ ሕግ

ሥሩ እንግሊዝ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 የወጣ አንድ ሕግ የነጋዴዎችን እሮሮ ለማስታገስ የታሰበ ነበር። ተበዳሪው በገዛ እጁ የሐዋላ ሰነድ ፈርሟል፤ ሲከሰስ ግን ጊዜ ለመግዛት ብቻ የማይረባ መከላከያ እየደረደረ አበዳሪውን ያንከራትተዋል። ሕጉ ታዲያ «መጀመሪያ እውነተኛ መከላከያ እንዳለህ በቃለ መሐላ አሳየን፤ ከዚያ እንድትከራከር እንፈቅድልሃለን» አለው። ይኸው አሠራር በእንግሊዞች በኩል ህንድ ገባ። የእኛም የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከህንዱ ሕግ ብዙ የቀዳው፣ ከአንቀጽ 284 ጀምሮ ይህንኑ ይዟል። በአጭር ሥነ ሥርዓት ገንዘብ የተጠየቀ ተከሳሽ ዝም ብሎ ቀርቦ መከራከር አይችልም፤ በቃለ መሐላ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ጉዳዩ ለሀገራችን ጠበቆች ጭራሽ ባዕድ አይደለም።

አሜሪካኖቹ ግን በ1938 የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንባቸውን ሲያወጡ በደንብ ቁጥር 56 በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። የዬል የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ቻርልስ ክላርክ ከአርቃቂዎቹ ግንባር ቀደሙ ነበሩ። በአዲሱ ደንብ አጭር ፍርድ ለገንዘብ ክስ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ለከሳሽ ብቻ ሳይሆን ለተከሳሽም ሆነ። አበዳሪ ተበዳሪውን የሚይዝበት መሣሪያ፣ የተከሰሰ ድርጅት ከሳሹን የሚያሰናብትበት መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ታሪኩ የሚጣፍጠውም የሚመርረውም ከዚህ በኋላ ነው።

ሐቲስበርግ፣ 1964

ሳንድራ አዲክስ ነጭ መምህርት ናት፤ የመጣችው ከኒውዮርክ ነው። በዚያ ክረምት ሚሲሲፒ ውስጥ ሐቲስበርግ በምትባል ከተማ ለጥቁር ልጆች በተከፈተ «የነፃነት ትምህርት ቤት» ታስተምር ነበር። ነሐሴ ወር ላይ ስድስት ጥቁር ተማሪዎቿን ይዛ ክሬስ ወደሚባል መደብር ምሳ ልትበላ ገባች። አስተናጋጇ ልጆቹን ታዘዘች፤ እሷን ግን ከጥቁሮች ጋር የተቀመጠች ነጭ ናትና አላስተናግድም አለች። ተያይዘው ወጡ። መምህርቷ የእግረኛው መንገድ ላይ እንደደረሰች ፖሊስ «ሥራ ፈት ቦዘኔ» ብሎ አሰራት።

አዲክስ መደብሩን ኒውዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ መደብሩና ፖሊስ ተመሳጥረውብኛል ስትል። መደብሩም አጭር ፍርድ ጠየቀ። የሱቁ ሥራ አስኪያጅ በመሐላ «ከፖሊስ ጋር አልተነጋገርኩም» አለ። የፖሊስ አዛዡና ያሰሯት ሁለት ፖሊሶችም በቃለ መሐላ ማንም አልጠየቀንም አሉ። አዲክስ በእጇ የነበረው ምን ነበር? ከተማሪዎቿ አንዷ ፖሊስ ሱቁ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ ማለቷና አንዲት የሱቁ ሠራተኛ ሳትምል የሰጠችው ቃል። ሥራ አስኪያጁና ፖሊሶቹ ስለመነጋገራቸው እሷ ራሷ በዓይኗ ያየችው፣ በጆሮዋ የሰማችው ነገር አልነበረም። የሥር ፍርድ ቤቱም፣ የይግባኙም ፍርድ ቤት በምስጢራዊ ስምምነቱ ክስ ለመደብሩ ፈረዱ።

በ1970 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ገለበጠው። ዳኛ ሃርላን በጻፉት ፍርድ የተመለከቱት ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈውን ነው። ያ ሁሉ የቃለ መሐላ ክምር አንድ ነገር ዘሎ ነበር፤ «በዚያች ሰዓት ሱቁ ውስጥ ፖሊስ አልነበረም» የሚል አንድም ሰው የለም። ፖሊስ በቦታው ከነበረ ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተግባብተዋል ብሎ ጁሪ ሊገምት ይችላል። አጭር ፍርድ የጠየቀው ወገን ራሱ ቀዳዳውን ካልደፈነ፣ መልስ ሰጪው ወገን የማለ ምስክር ባያቀርብም አይሸነፍም ተባለ። የመምህርቷን ክስ ያዳነው የተቃራኒዋ ወረቀት ጉድለት ነበር።

የሟቹ ሚስት፣ 1986

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ወይዘሮ ካትሬት ባሏ በ1979 ሞተባት። ምክንያቱ አስቤስቶስ ነው ብላ በ1980 አሥራ አምስት ድርጅቶችን ከሰሰች። ከእነሱ አንዱ ሴሎቴክስ «ባልሽ የእኔን ምርት ስለመንካቱ የሚመሰክር አንድም ሰው አልጠቀስሽም» ብሎ አጭር ፍርድ ጠየቀ። ልብ በሉ፤ ድርጅቱ ምርቴ አልነካውም የሚል ማስረጃ አላቀረበም፤ ያለው «ማስረጃ የለሽም» ብቻ ነው። ዋናው ምስክር፣ ባልየው፣ ደግሞ መቃብር ውስጥ ነው።

ሴትየዋ በመልሷ ሦስት ወረቀቶች አቀረበች። ባሏ በሕይወት ሳለ በመሐላ የሰጠው ቃል፣ ቀድሞ ይሠራበት ከነበረ ድርጅት ኃላፊ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያ የመጣ ሌላ ደብዳቤ። ሴሎቴክስ «ይሄ ሁሉ የስሚ ስሚ ነው» አለ። የሥር ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋ፤ ይግባኝ ሰሚው ከፈተ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1986 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ የይግባኙን ውሳኔ ሻረው።

ዳኛ ሬንክዊስት የጻፉት ፍርድ መሠረቱን አነቃነቀ። በችሎት የማስረዳት ሸክም ያለበት ከሳሹ ከሆነ፣ ተከሳሹ ተቃራኒውን ማስረዳት የለበትም፤ በመዝገቡ ውስጥ ማስረጃ አለመኖሩን ማመልከት ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ የከሳሹ ፈንታ ነው፤ ማስረጃውን ያውጣ። ዳኛ ብሬናን በልዩነት ሐሳባቸው መርሁን ብዙም አልተቃወሙም፤ ያሉት ሴሎቴክስ ያንን እንኳ በወጉ አላሟላም ነው፤ ወረቀቶቹን እያየ የሉም ማለት አይችልምና። በዚያው ዓመት የወጡ ሌሎች ሁለት ፍርዶች፣ አንዱ በስም ማጥፋት፣ አንዱ በጃፓን ቴሌቪዥን አምራቾች ጉዳይ፣ ተደምረው አጭር ፍርድን የአሜሪካ ሙግት ዋና በር ጠባቂ አደረጉት።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ይግባኝ ሰሚው መለሰው እንጂ በሴትየዋ ላይ አልፈረደም። ይግባኝ ሰሚውም በ1987 እንደገና አይቶ ለሴትየዋ ወሰነ። የአሠሪው ደብዳቤ ላይ ሴሎቴክስ በጊዜውና በወጉ አልተቃወመም፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከሌላው መዝገብ ጋር ተደምሮ ወደ ችሎት ያስኬዳል ተባለ። በየሕግ ትምህርት ቤቱ የተከሳሾች ድል እየተባለ በሚነገርለት ክስ መበለቲቱን ያተረፋት ያው በመልሷ ያያዘችው ወረቀት ነበር!

በረንዳው፣ 2014

በ2008 የመጨረሻ ቀን ሌሊት ቴክሳስ ቤሌር ውስጥ አንድ ፖሊስ የመኪና ሰሌዳ ሲያስገባ አንድ ቁጥር ተሳሳተ፤ መኪናው የተሰረቀ ነው ተባለ። ባለመኪናው ሮበርት ቶላን መሣሪያ አልያዘም፤ በወላጆቹ ቤት በረንዳ ላይ በጥይት ተመታ። ቶላን ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቶች በረንዳው ድንግዝግዝ ያለ ነበር፣ እናቱም ተቆጥተው ነበር የሚለውን የፖሊሱን ወገን ይዘው በአጭር ፍርድ አሰናበቱት። የቤተሰቡ መልስ ግን አባትየው ስለ በረንዳው መብራት፣ እናትየው አለመቆጣታቸውን በመሐላ የተናገሩትን ይዞ ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ፍርዱን ሽሮ ያስታወሰው አሮጌ ቁም ነገር ነው። በዚህ ደረጃ ዳኛ የማንን ቃል ልመን ብሎ አይመዝንም፤ የመልስ ሰጪው ማስረጃ እንደታመነ ይቆጠራል፤ ሁለቱ ወገን በአንድ ፍሬ ነገር ላይ ተቃራኒ ከማሉ ችሎት የሚያስፈልገው ለዚያው ነው።

ወረቀት የሌለው ሰውስ?

እኛ እንደምናየው የ1986ቱ መርህ በራሱ ክፉ አይደለም። ማስረጃ የሌለውን ክስ ዓመታት ማንከባለል ለማንም አይበጅም። ጥያቄው ሸክሙ ማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ነው። ሰነዱ ያለው ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ጋ፣ ወይም ፖሊሱ ጋ፣ ወይም እስር ቤቱ ጋ ነው። ደንቡ ለዚህ አንድ መውጫ አስቀምጧል፤ ማስረጃው በተቃራኒው እጅ ላለበት ሰው ምን እንደጎደለውና ለምን እንደጎደለው በቃለ መሐላ ገልጾ ጊዜ እንዲሰጠው የመጠየቅ መብት አለው። ያለ ጠበቃ ለሚከራከሩ እስረኞችም አንዳንድ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች መልሱ ምን መያዝ እንዳለበት በቀላል ቋንቋ ይነገራቸው ብለዋል። ለምን? ክሳቸውን ደግመው በመጻፍ ብቻ መልስ የሰጡ እየመሰላቸው መዝገባቸው የተዘጋባቸው ስለነበሩ ነው።

ከ1963 ጀምሮ ደንቡ በክስ ማመልከቻ ላይ ተደግፎ መቀመጥ አይቻልም ይላል። በ2010 የተሻሻለው ደግሞ እያንዳንዱ አከራካሪ ነጥብ በመዝገቡ ውስጥ የትኛው ሰነድ ላይ እንዳለ ለይቶ ማመልከትን ይጠይቃል። ለዚህ ነው አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን፣ ከአሠሪም ከአከራይም ጋር ፍርድ ቤት ሲገናኙ፣ ይህን ማመልከቻ እንደ ተራ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀምጡት የማይገባው። ቀነ ገደብ አለው፤ ገደቡም እንደየፍርድ ቤቱ ይለያያል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የሀገራችን ሰው። እዚህ ጋ ዝምታ ይነቅዛል። ይልቅ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ያዋጣል። የአባቶቻችን በላ ልበልሃ ተናጋሪ ያልሆነውን ይበድል ነበር፤ የአሜሪካኖቹ አጭር ፍርድ ደግሞ ወረቀት የሌለውን። የትኛው ይሻላል? እስቲ እናንተም በሉበት።

ቸር እንሰንብት።