የመስታወቱ ዕዳ

በሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ከተማ ዩኒስፌር የተባለ የቢሮ ሕንፃ አለ። ዩናይትድ ቴራፒዩቲክስ የተሰኘው የመድኃኒት ኩባንያ በ2018 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከፈተው ሲሆን፣ በዓመት የሚፈጀውን ያህል ኃይል ራሱ እንዲያመነጭ ታስቦ ተሠርቷል። ወለሉ 12,500 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 3,000 የሚጠጉ ሶላር ፓኔሎች ተገጥመውለታል፤ ከሥሩ 52 ጉድጓዶች ተቆፍረው የመሬቱን የማይዋዥቅ ሙቀት ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ያውሉታል። ከውጭ የሚገባው አየርም አስቀድሞ ከመሬት በታች ባለ ጠመዝማዛ የኮንክሪት መተላለፊያ አልፎ ይለዝባል።

መሣሪያው አዲስ ቢሆንም፣ ሕንፃን ከፀሐይና ከአፈር ጋር የማስማማቱ ሐሳብ የቆየ ነው። ኤሌክትሪክ ከመስፋፋቱ በፊት የቢሮ ወለል ከመስኮት ብዙ እንዳይርቅ ይደረግ ነበር፤ ብርሃንና ነፋስ የሚገኘው ከዚያ ብቻ ነበርና። ዊሊስ ካሪየር በ1902 የነደፈው የአየር ማቀዝቀዣ፣ ኋላም የፍሎረሰንት መብራት፣ ይህን ገደብ አነሡት። በ1952 ኒው ዮርክ ላይ የተጠናቀቀው ሊቨር ሐውስ መስኮቱ የማይከፈት የመስታወት ሕንፃ ሆኖ ለብዙዎች አርአያ ሆነ። ኃይል ርካሽ ስለነበር የንድፉ ጉድለት በሒሳብ መዝገብ ላይ ጎልቶ አልታየም። የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ግን ገለጠው፤ በ1975ም የአሜሪካ መሐንዲሶች ለአዳዲስ ሕንፃዎች የኃይል ቁጠባ መስፈርት አወጡ።

ይሁንና ዋጋ ብቻውን ንድፍን አላረመም። ብዙ ጊዜ የሚገነባው አልሚ ሌላ፣ የመብራት ሒሳብ የሚከፍለው ተከራይ ሌላ ነው፤ ቆጣቢ ሕንፃ የሚጠይቀውን ተጨማሪ ወጪ የሚሸከመው ሰው ትርፉን አያገኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ በሕግ ጣልቃ የገባው ለዚህ ነው። በ2014 ትልልቅ ሕንፃዎች የኃይል ፍጆታቸውን እንዲያሳውቁ፣ በ2022 ደግሞ በጊዜ ገደብ እንዲያሻሽሉ ደነገገ። አሁን ነባር ሕንፃዎች መታደስ አለባቸው፤ ወጪውም በመጨረሻ ወደ ኪራይ ሊዞር ይችላል።

ይህ ታሪክ አዲስ አበባን በቀጥታ ይመለከታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑም መጠነኛ ነው፤ ብዙ ቢሮ በጥላ፣ በወፍራም ግድግዳና በሚከፈት መስኮት ብቻ ሊመች ይችላል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ የሚያርፈው በአብዛኛው ጣሪያ ላይ ነው። ዘልቆ የሚገባው የጠዋትና የማታው ነው፤ ስለዚህ ረጅሙ ገጽ ወደ ሰሜንና ደቡብ መዞር ይገባዋል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ግን በየአቅጣጫው መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች በዝተዋል።

እዚያም ስሕተቱን የሸፈነው ርካሽ ኃይል ነው። ሆኖም የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ2018 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሏል፤ በ2024ም ሌላ ማስተካከያ ተጀምሯል። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ ያ ኃይል የሚፈለገው ለመስታወት ማቀዝቀዣ ሳይሆን ገና መብራት ላላየው ገጠር፣ ለፋብሪካና ለውጭ ሽያጭ ነው።

አሜሪካ ዛሬ በውድ የምታድሰውን ሕንፃ፣ አዲስ አበባ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ልታርመው ትችላለች። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የሕንፃው አቅጣጫ፣ የመስታወቱ መጠንና ጥላው ቢመረመር ብዙ ወጪ ይቀራል። እዚህ ሆነን እዚያ ቢሮ የምንገዛና የምንገነባ ወገኖችም ከካሬ ሜትሩ ዋጋ ጋር አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ የምዕራቡ መስኮት በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ምን ይሆናል?