ጋይንት ያላገኘው ሥልጣን

በ1958 ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው ርስተ ጉልትን ሻረ፤ ባለጉልቱ ከገበሬው ሰብስቦ ጥቂቱን ብቻ ለመንግሥት ያስገባው የነበረው ግብር በቀጥታ ለግምጃ ቤት እንዲሆን አደረገ። ሁለተኛው የአካባቢ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ነው። አውራጃዎች ምክር ቤት መርጠው መንገዳቸውንና ትምህርት ቤታቸውን በራሳቸው ገንዘብ እንዲያስተዳድሩ የታሰበበት ነበር።

መቀመጫው ነፋስ መውጫ ለነበረው፣ ስማዳንም ላቀፈው ለጋይንት አውራጃ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ በዚያ ግብር የርስት ጉዳይም ነበርና። በ1937 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ብሎ ሲከፍል ጋይንት የነበረበት ቤጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ በነባር ግብራቸው ቀሩ። በርስት አገር ግብሩ በአቅኚው አባት መሬት ላይ ተጥሎ በልጅ ልጆቹ ይከፋፈል ነበር። ጭቃ ሹሙ ከየቤቱ ይሰበስባል፤ የከፈለ ሰው ደረሰኙን በጥንቃቄ ያስቀምጣል። የርስት ሙግት በተነሳ ጊዜ “የገበርኩበት መሬት ነው” ማለት ይጠቅማልና። እንግዲህ ግብር ከዕዳነቱ ይልቅ የባለርስትነት ማስረጃ ነበር። ቀላድ ይዞ ለልኬታ የሚመጣን ሹም ገበሬው የፈራው ልኬታው ያንን ማስረጃ ያፈርስብኛል ብሎ ይመስለኛል።

ፍርሃቱ በ1960 ፈነዳ። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከእስቴ ማዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ የጎጃም ሞጣና ብቸና አመፁ። መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር አዘመተ። በኋላ ግን የጎጃሙ አገረ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ግብሩን የሚወስን ምክር ቤት በየአውራጃው ቢኖር ኖሮ ገበሬው ቅሬታውን የሚያሰማበት ደጅ ያገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ያ ምክር ቤት ግን አልመጣም። ባለመሬቶች የበዙበት ፓርላማ ትእዛዝ ቁጥር 43ን ሳያጸድቀው ቀረ። ጋይንት ከፈለ፤ ስንት እንደሚከፍልና በምን ላይ እንደሚውል ግን የሚወስነው ሌላ ነበር።

ያ የግብር ውሳኔ ጥያቄ ዛሬም በሌላ መልክ ተመልሷል። በ2015 ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የንብረት ታክስን ለክልሎች ሰጡ፤ በ2017 አዋጁ ጸደቀ። ስለዚህ በነፋስ መውጫ፣ በስማዳዋ ወገዳና በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የቤት ባለቤት የሚከፍለው መጠን የክልሉ ጉዳይ ሆኗል። የከተሞቹ ምክር ቤቶች በዚህ ላይ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል፤ ቤቱንም፣ ባለቤቱንም፣ ያልተሠራውን መንገድም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።