ሚሲዮኑ ከሄደ በኋላ የቀሩት፦ ሆሳዕናና አካባቢዋ ከ1920 እስከ 1983 ዓ.ም.

በ1920 ዓ.ም. የበልግ ወራት ከአዲስ አበባ በበቅሎ ወደ ደቡብ የወረደው የሚሲዮናውያን ጓዝ መጀመሪያ ያሰበው ጅማ ለመግባት ነበር። መሪው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ያሠራ፣ ራስ ተፈሪ በደንብ የሚያውቁት አሜሪካዊ ሐኪም ነው። የመንገዱ ሁኔታ አሳቡን አስለወጠው፤ ጓዙ ወደ ሆሳዕና ዞረ፤ ከዚያም ወላይታ ሶዶና ሲዳማ ደረሰ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በደቡብ የከፈታቸው የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች በዚህ ጉዞ የተገኙ ናቸው።

የሚሲዮኑን መዛግብት የሚያነብ ሰው ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። «ከምባታ» እየተባለ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሐዲያ ነው። ግዛቱ በሙሉ በመንግሥት ዘንድ ከምባታ ይባል ስለነበር፣ ሚሲዮናውያኑ ከሆሳዕና ሆነው ስለ ሐዲያ ገበሬዎች ሲጽፉም በዚያው ስም ይጠሯቸው ነበር። የእነ ሽጉጤ ዳዳንና የእነ አባ ጎሌ ኑናሞን ታሪክ ለሚፈልግ፣ ከመጀመሪያዎቹ የሐዲያ አማኞችና መሪዎች መካከል ናቸውና፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በስም አጠራሩ ምክንያት የአንዱ ሕዝብ ድካም በሌላው ስም ተመዝግቦ ቀርቷል።

ክርስትና ለዚህ አገር በ1920 ዓ.ም. የመጣ አዲስ እንግዳ አልነበረም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የገባችው ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገዥ ልጅ ነበረች፤ መንፈሳዊ መጻሕፍት መድረሷንም የፖርቱጋል ጸሐፊዎች ሳይቀሩ መዝግበዋል። ከእርሷ በኋላ በነበሩት ረጅም ዘመናት ግን በሐዲያ ሥር ሰዶ የኖረው ፋንዳኖ የሚባለው የአገሬው እምነት ነው። ጀርመናዊው የታሪክ ተመራማሪ ኡልሪኽ ብራውኬምፐር ስለ ፋንዳኖ ባጠናው ጥናት እንደሚታየው፣ የሰማዩ አምላክ ዋዓ ይመለክበት ነበር፤ ከቀድሞው የእስልምና ዘመን የተረፈ የጾም ሥርዓትም ነበረው። እምነቱ ከቤተሰብ፣ ከእርሻና ከእርድ ጋር የተሳሰረ ነው። ማን ያረደውን ማን ይበላል የሚለው ጥያቄ ብቻ የዝምድናን ወሰን ያሰምር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወንጌላውያን አማኞች ድፍረት መለካት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። የጣሊያን ጅራፍ ከመምጣቱ በፊት ለቅሶ ነበር፤ ሠርግ ነበር። ለመናፍስት አልሠዋም፣ ጠንቋይ አልጠይቅም፣ ጠላና አረቄ አልጠጣም፣ ትንባሆ አላጨስም ያለ አባወራ፣ የሚጋጨው ከባለሥልጣን ጋር ሳይሆን ከታላቅ ወንድሙና ከአማቱ ጋር ነው። እንሰቱን ለመትከል፣ ጎጆውን ለመክደን፣ የሞተበትን ለመቅበር ጎረቤት ያስፈልገዋል። በደቦ የሚኖር ሰው ጎረቤቶቹ አንድ ላይ ከሚቀምሱት ጽዋ ራሱን ሲያገልል ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ብዙ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈው ወደ እስር ቤቱ ይቸኩላሉ። በእኔ እምነት ግን በኋላ እስሩን ያስቻለው ጽናት የተለመደው እዚህ፣ ሰው በገዛ ዘመዱ ፊት ብቻውን መቆምን ሲማር ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። የፋሺስት መንግሥት የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖችን የእንግሊዝና የአሜሪካ ዓይንና ጆሮ አድርጎ ይቆጥራቸው ስለነበር አስወጣቸው፤ የመጨረሻዎቹ ከሶዶ የወጡት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ ለአገሩ ክርስቲያን በሙሉ የመከራ ዘመን ነበር። አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደሉት በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ነው፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ያለቁት በግንቦት 1929 ዓ.ም.። የደቡቡ ገበሬ መከራ ከእነዚህ ተነጥሎ የሚነገር አይደለም። ጨቋኙ አንድ ነበር።

በሆሳዕናና በሶዶ የቀሩት አማኞች ገና ጥቂት ናቸው። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም፤ ከውጭ ደብዳቤ አይመጣም። ከመጽሐፍ ቅዱስም በእጃቸው የነበረው በጥቂቶች ብቻ የሚነበብ ጥቂት ክፍል ነው። ፊደል የቆጠረ ወጣት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሽማግሌዎቹ ሰምተው በቃላቸው ይይዛሉ፤ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ለሌላው ይነግራሉ። የጸሎት ቤቱም የተለየ ነገር የለውም። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፤ የሠፈሩ ሰው ለራሱ ጎጆ በሚሠራበት እጅና ዕቃ ነው የተሠራው። ይህ ቀላልነቱ በኋላ ጠቀመው፤ የፈረሰ በሳምንታት ውስጥ በሌላ ቦታ ይቆማልና።

መከራው በጣም የተመዘገበው በጎረቤት ወላይታ ነው። ከሚሲዮናውያኑ አንዱ የነበረው ሬይመንድ ዴቪስ እንደጻፈው ሃምሳ መሪዎች ታስረው እያንዳንዳቸው መቶ ጅራፍ ተገረፉ፤ አንዱ አራት መቶ። ሦስቱ ከግርፋቱ በኋላ ሞቱ። ከመሪዎቹ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ታስሮ፣ በሕዝብ ፊት ተገርፎ፣ እስር ቤት ውስጥም መስበኩን አልተወም። የጸሎት ቤቶች እንዲፈርሱ ተደረገ። ያን ጊዜ የወላይታና የከምባታ መሪዎች እየተላላኩና እየተጎበኛኙ ይበረታቱ ነበር። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የወረራና የጠብ ትዝታ ገና ባልደበዘዘበት ወቅት ወሰን ተሻግሮ በባላንጣ ቤት ማደር ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። ለእኔ ከጅራፉ ቁጥር ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ወደ ሶዶ ሲመለሱ ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ በመጻሕፍት ይደጋገማል፤ 48 የተጠመቁ ትተው ሄደው ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ አገኙ ይባላል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። 48ቱ በስም የሚታወቁ፣ አንድ በአንድ የተቆጠሩ ናቸው፤ 10,000ው ግምት ነው። ልዩነቱ ግን ግምቱ ቢቀነስም የሚጠፋ አይደለም። በሐዲያና በከምባታም መዝሙር የሚያወጡ፣ የሚያጠምቁ፣ የሚገሥጹና የሚሾሙ የአገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ስለዚህም የኋላው ችግር ሌላ መልክ ያዘ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሚሲዮን «ክፍት» በሆነና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሆነ ክፍል ለየ፤ የትምህርት ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ደነገገ። የሐዲያና የከምባታ ወጣት መጽሐፉን በአማርኛ ማንበብ የለመደው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ሚሲዮኑም ተመልሶ መጥቷል፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ቤተ ክርስቲያን መምራት የቻሉ ሰዎች አሁን ፈቃድ ጠያቂ ሆነው መቀመጥ ከበዳቸው። ከከምባታ ምእመናን የተወሰኑት የራሳቸውን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐዱ። የቀሩት ቃለ ሕይወት በተባለችው ቤተ ክርስቲያን ሥር ተሰባሰቡ። መለያየቱን እንደ ውድቀት ብቻ የሚያዩ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። በጣሊያን ጊዜ «የእግዚአብሔር ቤት የእኛ ኃላፊነት ነው» ብሎ የቆመ ሰው፣ ወዳጁ ለሆነው ሚሲዮናዊም ያንኑ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ወንድማማቾች መቀያየማቸው ግን አሳዛኝ ነበር፤ ቁስሉ ለመሻር ጊዜ ወስዷል።

ደርግ ሲመጣ የእምነቱ ፈተና በመፈክር መልክ ቀረበ። «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» ብሎ ግራ እጅን አንስቶ መጮህ ለካድሬው የታማኝነት ምልክት ነው፤ ለወንጌላዊው ወጣት ግን ከሁሉም በላይ የሆነው አንድ ብቻ ነው። እጁን አላነሳም ያለ ወጣት በደቡብ ብዙ ቦታ ተደብድቧል፣ ታስሯል፣ ከትምህርት ተባርሯል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተገደሉ። በደቡብ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘግተው የቀበሌ አዳራሽና የእህል መጋዘን ሆኑ።

በዚህ ጊዜ ግን የሐዲያና የከምባታ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ሀብት ነበራቸው። በ1929 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ አሁን ስድሳውን አልፏል፤ በሽማግሌነት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያለ ሕንፃ መሰብሰብ እንዴት እንደሚቻል፣ መሪ ሲታሰር ማን እንደሚተካ፣ ለታሰረ ሰው ቤተሰብ ማን እንደሚያርስለት ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም። ስብሰባው ወደ ቤት ገባ፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ በማታ፣ አንዳንዴም በለቅሶ ቤት። ለታሰሩት ስንቅ የሚሄድላቸው በእናቶችና በእህቶች እጅ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን ስማቸው እምብዛም አይገኝም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ የተወረሱት የጸሎት ቤቶች ለባለቤቶቻቸው መመለስ ጀመሩ። ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ እንደሚታየው በሐዲያ ዞን ከመቶ 75 ያህሉ፣ በከምባታ ጠምባሮ ደግሞ ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ሕዝብ ራሱን ፕሮቴስታንት ብሎ አስመዝግቧል። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙም በዚያው አገር ይኖራሉ። በብዙ ቦታ የተመለሰው አዳራሽ በመዘጋቱ ዘመን ለበዛው ምእመን ጠቦ ተገኘ፤ በግቢው ውስጥ አዲስ ሕንፃ መሥራት የግድ ሆነ።