«ይሰግዳል ወይ?»

ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጣ፣ ኢተያ ሳይደረስ፣ የዶዶታ ወረዳ ከተማ ደራ ትገኛለች። እዚህ ሽማግሌ ሲላክ የልጁ ጎሳ፣ ሥራውና የአባቱ ስም አንድ በአንድ ይጠየቃል። «ይሰግዳል ወይ?» የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ ልጅቱ ራሷ፣ ዱዓው ተደርጎ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ፣ በእናቷ ጆሮ ሹክ ትላለች።

የእምነትና የትዳር ፈተና ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ እናታችን ኡሙ ሐቢባ ነበረች። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚሉት ባሏ ዑበይዱላህ እዚሁ ሃይማኖቱን ለወጠ፤ እሷ ልጇን ታቅፋ በሰው አገር ጸናች። እሱ ከሞተ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጯት ነጃሺ 400 ዲናር መህር ከራሱ ከፈለ። የነቢዩ ልጅ ዘይነብ ደግሞ ባሏ አቡል ዓስ ገና ሳይሰልም በበድር ሲማረክ፣ ማስለቀቂያ እንዲሆን የእናቷን የኸዲጃን ሐብል ላከችለት። ያ ሐብል ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል። አቡል ዓስ ዓመታት ቆይቶ ሰለመ፤ ዳግም አብረው ኖሩ።

የእነዚህ ሴቶች ባሎች ግን ሌላ እምነት የያዙ ነበሩ። ሙስሊም ነኝ እያለ የማይሰግደው ሰው ነገር ዑለማን ለያይቷል። በሐንበሊ መዝሀብ በታወቀው አቋም፣ ሶላትን እርግፍ አድርጎ የተወ ከእስልምና ይወጣል፤ ኒካሑም አብሮ ይናጋል። ሐነፊ፣ ማሊኪና ሻፊዒ ግን ግዴታነቱን እስካልካደ ድረስ ከባድ ወንጀለኛ ነው እንጂ ትዳሩ አይፈርስም ይላሉ። አርሲና ባሌ የሻፊዒ አገር ናቸው። ሻፊዒዎች ከዚሁ ጋር «ከፋኣ» የሚሉት ሚዛን አላቸው፦ በዲኑ ግዴለሽ የሆነ ሰው ለጥንቁቅ ሴት አቻዋ አይደለም፤ እሷም ወሊይዋም እምቢ ማለት ይችላሉ። ይህ መብት የሚጠቅመው ግን ኒካሕ ሳይታሰር ነው። ሹክታው ሽማግሌ ፊት ቢነሳ የምለውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄው ለምን ወደ ኋላ ቀረ? እስልምና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ በሰፊው የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከ1886 እ.ኤ.አ. የምኒልክ ጦር ድል በኋላም ይበልጥ ሥር ሰደደ። እምነቱ በዚያራ፣ በመንዙማ፣ ባለ ሹካ በትር ይዞ ወደ ባሌው ድሬ ሼኽ ሁሴን በመጓዝ ኖረ። ሙስሊምነት የወገንና የክብር መታወቂያ ሲሆን፣ አምስት ወቅት መስገድ የሼኾችና የሽማግሎች ድርሻ መሰለ።

 ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን በየከተማው ኪታብ በዛ፣ በሳዑዲ የተማሩ ኡስታዞች መጡ፤ ሴት ልጅ ከአባቷ በላይ ዲኗን ጠበቅ አደረገች። የምደሰትበት ለውጥ ነው። የሚያሳስበኝ ሻፊዒ ሆና ያደገች ሚስት በስልኳ የሰማችው የሐንበሊ ፈትዋ ነው፦ «ኒካሕሽ ፈርሷል» የሚላት ሰው ባሏን አይቶት አያውቅም።

አንዲት የደራ ወጣት እናት እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ እንቅልፍ አጣች። ሱብሒ ላይ ውሃ አሙቃ ማንቆርቆሪያውን ከባሏ አልጋ ሥር ታስቀምጣለች፤ በረመዳን ይነሳል፣ ከዒድ በኋላ ውሃው እዚያው ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ወደ ሰፈሯ ሽማግሌ ዓሊም ሄደች።

«ሼኻችን፣ ሐራም ላይ ነኝ ወይ?»

ሼኹ ለእሷ ከመመለሳቸው በፊት ባልየውን አስጠሩት።