ከባቄላ የወጣው መድኃኒት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም.፣ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ በሆፍማን ላ ሮሽ የመድኃኒት ፋብሪካ ይመራመር የነበረው ማርኩስ ጉገንሃይም፣ የእኛ ገበሬ እሸቱን፣ ጿሚውም ንፍሮውን ከሚበላው ከዚያው ከባቄላ፣ ዶፓ የተባለውን ንጥረ ነገር ነጥሎ ካወጣ በኋላ፣ ጠባዩን በገዛ ሰውነቱ ሊፈትን ወድዶ 2.5 ግራም ያህል ቢውጥ፣ ሆዱ ታውኮ ክፉኛ አስመለሰው፤ በእንስሳትም ላይ ሞክሮ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ስላላየ፣ ነገሩ በሕያው አካል ላይ ኃይል የለውም ብሎ ደመደመ። ሰውን አንጀቱ እስኪላወስ ያስመለሰ ነገር እንዴት ኃይል የለውም ይባላል ብሎ የዛሬ አንባቢ ቢገረም እውነት አለው፤ ነገር ግን የለንደኑ ሐኪም ጀምስ ፓርኪንሰን በ1817 ዓ.ም. ጽፎ የገለጸው፣ እጅን የሚያንቀጠቅጥ፣ ወገብን የሚያጎብጥ፣ እርምጃን የሚያውክ ደዌ ምንጩ በዚያ ዘመን ገና ስላልታወቀ፣ መድኃኒቱ ቢገኝም ከሕመምተኛው ጋር የሚያገናኘው አልነበረም።

ምሥጢሩ መገለጥ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስዊድናዊው ሊቅ አርቪድ ካርልሰን፣ ከሕንድ አገር ተክል ሥር በተገኘው በረሰርፒን ያደነዘዛቸው ጥንቸሎች ጆሯቸውን ጥለው ተጋድመው ሳለ፣ ዶፓ ቢወጋቸው ጆሯቸውን አቁመው ተነሡ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በቪየና ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች ፓርኪንሰን በገለጸው ደዌ የሞቱትን ሰዎች አንጎል መርምረው፣ እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እጅግ መጉደሉን አረጋገጡ፤ ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል መግባት ስለማይችል፣ ዶፓ ግን ገብቶ ወደ ዶፓሚን ስለሚለወጥ፣ በተከታዩ ዓመት ቢርክማየር የተባለው ሐኪም ይህንኑ ዶፓ በደም ሥር ቢሰጥ፣ ከተኙበት ቀና ማለት የተሳናቸው ሕሙማን ተቀመጡ፣ መቆም ያቃታቸውም ቆሙ፤ ይህም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር።

የጉገንሃይም ትውከት ፍቺውን ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ዶፓው አንጎል ሳይደርስ በሌላው የሰውነት ክፍል ወደ ዶፓሚን እየተለወጠ ያስመልስ ነበርና፣ ጆርጅ ኮትዚያስ በ1967 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት መጠኑን ከጥቂት ጀምሮ ቀስ በቀስ በማሳደግ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ያለቦታው የሚደረገውን ለውጥ የሚያግድ ሌላ መድኃኒት በመጨመር፣ ይህን መከራ አቃለሉት።

ዛሬ በዓለም ሁሉ ሌቮዶፓ እየተባለ የሚታዘዘው ይኸው ነው፤ ደዌውን ያቀልላል እንጂ ከሥሩ አይነቅልም። ንጥረ ነገሩ ከደረቀው ፍሬ ይልቅ በለጋው ባቄላ ይበዛል፤ ልኩ ግን ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ የሐኪም ትእዛዝ ምትክ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ኪኒኑን የሚወስድ ዘመድ ያለው አንባቢ፣ የእሸት ወራት ሲደርስ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።