ከአንድ እሽግ የወጡት ሦስቱ

ጠጋ በሉማ! የዛሬው ወጌ ጫካ ገብቶ፣ እሾህ ቧጥጦት፣ ያልታየ ነገር ይዞ ስለ ወጣ ሰው አይደለም። ሱቅ ሄደው ስለ ተመለሱ ሰዎች ነው።

አገሩ ለንደን ነው። ብሪን ዴንቲንገርና ላውራ ሱዝ በኪው የዕፅዋት ማዕከል የእንጉዳይ ተመራማሪዎች ነበሩ። ማዕከሉ ከ1.25 ሚሊዮን በላይ የደረቁ የፈንገስ ናሙናዎች ተሰድረው የሚጠበቁበት ነው። እነሱ ግን ያን ሁሉ ትተው ከምግብ ሱቅ አንድ እሽግ ገዙ። እሽጉ የደረቀ ፖርቺኒ ነበር፤ ጣሊያኖች የሚሳሱለት የጫካ እንጉዳይ።

እሽጉ ሲቀደድ ምን ወጣ? እንደ ቋንጣ በስሱ ተዘልዝሎ የደረቀ ነገር። ፖርቺኒ ትኩስ ሳለ ቢሆን ባርኔጣውን ገልብጣችሁ ታዩታላችሁ፤ ከሥሩ እንደ ሌላው እንጉዳይ የመጽሐፍ ገጽ መስሎ የተደረደረ አይደለም፣ እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከተቆራረጠና ከደረቀ በኋላ ግን ቁመቱ የለ፣ መልኩ የለ፤ ዓይን ምን ይዞ ይፍረድ?

ስለዚህ ዘሩን ጠየቁት። 15 ቁራጭ መረጡ፤ ከእያንዳንዱ ቅንጣት ወስደው ዘረመሉን አወጡ። ሽማግሌ ሙሽሮቹ እንዳይዛመዱ ብሎ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጥረው ሁሉ፣ እነሱም የቁራጮቹን ዘር ከሚታወቁት የፖርቺኒ ዝርያዎች ጋር አስተያዩት። ቁራጮቹ በሦስት ዝርያ ተከፈሉ። ሦስቱም ሳይንስ ገና ስም ያላወጣላቸው ነበሩ! ሰው ገዝቶ፣ ነክሮ፣ ቀቅሎ ሲበላቸው የኖሩ ሦስት ዝርያዎች።

እሽጉ የመጣው ከቻይና ነው። ይህን እንጉዳይ ደግሞ እንደ ጎመን በጓሮ አታለሙትም። ከዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝቶ፣ ዛፉ ስኳር ሲሰጠው እሱ ውኃና ማዕድን እያቀበለ ይኖራልና፣ የግድ ሰው ጫካ ገብቶ መልቀም አለበት። እኔን ልቤን የሚነካኝ እዚህ ላይ ነው። ለቃሚዎቹ ያውቁታል! በእጃቸው ነቅለውታል፣ ዘልዝለውታል፣ በልተውታል። እኛ ዝናብ ያበቀለውን አይተን «የጅብ ጥላ» ብለን እንደምናልፈው፣ በቻይናም ለዚህ ወገን የራሳቸው ስም አላቸው፤ «የበሬ ጉበት» ይሉታል። ስም ያጣው በመዝገብ ላይ እንጂ በሰው አፍ አልነበረም።

ተመራማሪዎቹም ይህን አልናቁም። በ2014 እ.ኤ.አ. ግኝቱን ሲያሳትሙ የታዋቂ ሰው ስም አልለጠፉባቸውም፤ ስሙን ከቻይንኛው ወሰዱ። አንደኛው ቦሌተስ ባይኒዩጋን ተባለ፤ ነጩ የበሬ ጉበት። ሁለተኛው ቦሌተስ ሜይዌይኒዩጋንጁን፤ ጣፋጩ የበሬ ጉበት እንጉዳይ። ሦስተኛውን ቦሌተስ ሺዮንግ አሉት፤ «የሚበላ» ማለት ነው።