ማን አመጣህ? ቤተሰብን ወደ ስማይርና የማምጣት ታሪክ



በስማይርና ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «አንተን ማን አመጣህ?» መልሱ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዘመድ ስም ነው። ከዚያ ስም ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የ1924ቱ የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት ሕግ ያንን ኮታ አስቀርቶ ቤተሰብን ማገናኘት የኢሚግሬሽን ዋና መሠረት አደረገ። ነገር ግን ዘመድ ለመጥራት መጀመሪያ እዚህ የደረሰ ዘመድ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ከአገራችን የሚመጡት በብዛት ተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ትምህርታቸውን ጨርሰው ይመለሱ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ስደት ነው። ደርግን ሸሽተው ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1980 በፈረሙት የስደተኞች ሕግ አማካይነት አሜሪካ ገቡ። አትላንታም ከተቀበሏቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1990 የወጣው ሕግ ደግሞ ዲቪን አመጣ። ዲቪ የደረሰው ሰው የሚያርፍበት ቤትና አድራሻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀድሞ የገባ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ወዳለበት ይሄዳል። ከአትላንታ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ኮብ ካውንቲ ውስጥ ወደምትገኘው ስማይርናም ብዙዎቻችን የመጣነው እንዲሁ አንዱ አንዱን እየተከተለ ነው።

ሕጉ ግን ሁሉንም ዘመድ እኩል አያይም። ዜግነት ያገኘ ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹንና ወላጆቹን ያለ ዓመታዊ ገደብ ሊያመጣ ይችላል። ለእህትና ለወንድም ግን ለዓለም ሁሉ በዓመት የተመደበው 65,000 ቪዛ ነው፤ ጥበቃውም ከአሥር ዓመት ያልፋል። ያሳደገች አክስት ደግሞ በሕጉ ውስጥ ቦታ የላትም።

በ2007 ለወንድሜ ፔቲሽን ሳስገባ የመጀመሪያ ልጁ 7 ዓመቷ ነበር። ተራው ሲደርስ 24 ሞላት። በ2002 የወጣው የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቅ ሕግም አልደረሰላትም። ወንድሜ፣ ሚስቱና ትንሹ ልጃቸው መጡ፤ እሷ አያቷ ቤት ቀረች። አውሮፕላን ማረፊያ ስንቀበላቸው እናትየዋ ስታለቅስ የደስታ ነው ብለን ነበር።

የፈራሚዎቻችንም ነገር መረሳት የለበትም። ከ1997 መጨረሻ ጀምሮ ቤተሰብ የሚያመጣ ሰው ገቢው መንግሥት ከሚያወጣው የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየትና በሕግ የሚያስጠይቅ ግዴታ መፈረም አለበት። ገቢው ያልበቃው ሌላ ሰው አብሮት እንዲፈርምለት ይለምናል። የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው ላገር ልጅ የፈረሙ አባላት በመካከላችን አሉ። ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ባይጻፍም ብዙ ቤት የቆመው በእነሱ ፊርማ ነው።

አሁን የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። ማኅበራችንን ያቆመው ለእናትና ለአባት የመላክ ልማድ ነበር። እናት ስትመጣ ግን የአገር ቤቱ በር ይዘጋል፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንም እዚያ የሚደውሉለት ሰው እያጡ ነው። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ግን እዚያው ናቸው፤ ተራቸውን የሚጠብቁትና ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ልጆችም እንደዚሁ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ማን እንዳመጣው፣ ማን እንደፈረመለትና ማን እንደቀረ ጽፎ ለልጆቹ ያቆይ። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችንም ላኩልን። የቀሩትን ስም በስም ካወቅን መዋጮው ለማን እንደሆነ ልጆቻችን ራሳቸው ይረዱታል።

በቸር ያገናኘን።